የሩቅ ቀበኛ፣ የቅርብ ቀበኛ

የጨርጨር ገበሬ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ይውላል። ወንጭፉን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከገደሉ አፋፍ አይነቅልም። ዝንጀሮው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት ብቅ እንደሚል፣ መንጋውን የሚመራው የትኛው እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ልማደኛ አውሬ ነው «ቀበኛ» የምንለው። አንድ ቀን ገብቶ የበላ ሁሉ ቀበኛ አይባልም። ቀበኛ ማለት መንገዱን የለመደ፣ አጥሩ የት ጋ እንደሳሳ ያወቀ፣ ቢያባርሩት ነገም ተመልሶ የሚመጣ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ይቺን ቃል ከማሳው ወስደው ለኳስ ያዋሏት እለት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ቲፎዞ ሆኖ ቀበኛ የሌለው የለማ!

ለሥራ ጉዳይ ከሚኤሶ እስከ ሒርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ስመላለስ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። በእነዚህ ከተሞች የማታውቁትን ሰው ለማጫወት ስለ ዝናብ ወይም ስለ ጫት ዋጋ መጠየቅ አያስፈልግም። «ክለብህን በጣም ያቃጠለው ተጫዋች ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቃ። ዝምተኛው አፉ ይፈታል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ እንዲሉ፣ የተበደለ ሰው ትረካ አያልቅበትም። ጭሮ ላይ (አንዳንዶቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ማለት ያመልጠናል) ይህን ጥያቄ ለአርሰናል ደጋፊ ማቅረብ ቁስል መነካካት ነው። እኔም ከመድፈኞቹ ወገን ስለሆንኩ ቁስሉ የት የት እንዳለ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የሚነሳው ስም ዲዲዬ ድሮግባ ነው። ክርክር የለውም። የአርሰናል ደጋፊ የልጁን የልደት ቀን ሊረሳ ይችላል፤ የድሮግባን የወንጀል መዝገብ ግን በቃሉ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2005 በኮሚኒቲ ሺልድ ሁለት። በዚያው ወር በሊጉ መክፈቻ አካባቢ ጉልበቱን ነክታ የገባች አንድ። በ2007 ካርዲፍ ላይ በካርሊንግ ካፕ ፍጻሜ፣ ያውም ቲዮ ዋልኮት ቀድሞ አግብቶልን ገና ሳንጠግበው፣ ሁለት። ማርች 2008 ሳኛ አስጀምሮን ስንደሰት፣ ሁለት። ኤፕሪል 2009 ዌምብሌይ ላይ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ። ኖቬምበር 2009 በገዛ ሜዳችን፣ ሁለት። ፌብሩዋሪ 2010፣ ሁለት። ኦክቶበር 2010፣ አንድ። ደምሩት፤ 13 ጎል ነው። ስምንት ጨዋታ፣ 13 ጎል! ዝንጀሮ እንኳን ማሽላ ላይ እንዲህ አይመላለስም።

ቀጥሎ ዌይን ሩኒ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2002፣ 17 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን የቀረው ልጅ፣ ከኤቨርተን ተቀያሪ ወንበር ተነስቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከሩቅ መትቶ ዴቪድ ሲማን መረብ ላይ አሳረፋት። አርሰናል በሊጉ 30 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣበት ጉዞ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሁለት ዓመት ጠብቆ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2004፣ ያው ልጅ የማንቸስተር ዩናይትድን ማሊያ ለብሶ 19ኛ ዓመት ልደቱን በእኛ ላይ አከበረ። ያኔ የተቋረጠው የ49 ጨዋታ ጉዞ ነበር። የመጀመሪያዋን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው ደግሞ ሩድ ቫን ኒስትልሮይ ነው። ይህ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት፣ ሴፕቴምበር 2003፣ በዚያው ሜዳ በባከነ ሰዓት ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚ መትቶ ስቶ፣ ማርቲን ኪዎን ጭንቅላቱ ላይ ዘሎ ጨፍሮበት ነበር። ያቺን አግብቷት ቢሆን ኖሮ ያንን ዓመት ሙሉውን ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን አይኖረንም ነበር። በዓመቱ ተመልሶ ያለብንን ዕዳ አስከፈለን። ቀበኛ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲያባርሩት የሚሄድ፣ ግን መንገዱን የማይረሳ።

እስካሁን የተናገርኩትን የትኛውም የኳስ አፍቃሪ ያውቀዋል። እኔን የሚያስገርመኝ የአነጋገሩ ቃና ነው።

ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ አዳምጡ። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፤ በርጫው ተዘርግቷል፤ ኦቾሎኒና ሻይ ይዞራል፤ መብራት ቢሄድ ጄኔሬተሩ በር ላይ ተዘጋጅቷል። ስለ ድሮግባ ሲወራ የአርሰናሉ ደጋፊ መጀመሪያ ይራገማል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ «አቦ ሰውየው ግን ይችላል!» ይላል። ከጎኑ ያለው ይቀጥላል፤ «ወሪያ፣ ሴንዴሮስን እኮ እንደ ሕፃን ነበር የሚገፋው» ይላል። ድሮግባ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ኳስ እንዴት እንደሚይዝ፣ ፊሊፕ ሴንዴሮስ ከፊቱ መቅደም ሲገባው ከኋላው ሆኖ ሲታገል እንዴት እንደሚሸነፍ፣ ተነስቶ እያሳየ የሚያስረዳም አይጠፋም። ዳኛው አዳላ የሚል የለም። ድሮግባ የማን ዘር ነው፣ ምን ያመልካል፣ ዕድሜውን ቀንሷል ወይ ብሎ የሚጠይቅም አልሰማሁም። የተሸነፍነው ተከላካያችን ስለደከመና አጥቂያቸው ስለበረታ ነው። ፍርዱ አጭርና የጠራ ነው። የዞን ፍርድ ቤት እንኳን እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍርድ ሁልጊዜ አይሰጥም!

ይባስ ብሎ ይኸው ደጋፊ ለቀበኛው ክብር ሲሰጥ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2005 ኮትዲቯር ሱዳንን በገዛ ሜዳዋ አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ ድሮግባ ከጓደኞቹ ጋር ካሜራ ፊት ተንበርክኮ በእርስ በርስ ጦርነት ለሁለት የተከፈለውን ወገኑን መሣሪያችሁን አስቀምጡ ብሎ ለምኗል። በ2007 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ በአማፂያኑ ዋና ከተማ በቡዋኬ ማዳጋስካርን አስተናግዶ ተጫውቷል። ይህን ታሪክ ጭሮ ላይ የነገረኝ ሰው የቼልሲ ደጋፊ አልነበረም። የአርሰናል ደጋፊ ነው። ክለቡን 13 ጊዜ ያቃጠለውን ሰው ደግነት በኩራት ይተርክልኛል!

አሁን «እሱማ ሩቅ ስለሆነ ነው፤ የሩቅ ቁስል አያምም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ያማል እንጂ! እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2009 ማንቸስተር ዩናይትድ ለንደን ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ አርሰናልን 3ለ1 ሲያሸንፍ፣ ፓርክ ጂ ሱንግ አንድ፣ ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ሁለት አገቡ። በዚያች ምሽት ናይሮቢ ውስጥ አንድ ወጣት የአርሰናልን ማሊያ እንደለበሰ ራሱን ማጥፋቱን ዓለም ሰምቷል። ስለዚህ የሩቁ ኳስ እዚህም ቅርብ ድረስ ገብቶ ያማል። እያመመን ግን ፍርዳችን አይዛባም። «ይችላል» እንላለን። ለካስ እንችላለን!

አሁን ሌላ ዓይነት ቀበኛ ላንሳ፤ በገዛ እጅ ያሳደጉት ወይም የጣሉት ቀበኛ። ሃሪ ኬን ሕፃን ሳለ የአርሰናል አካዳሚ ልጅ ነበር። ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው አይሆንም ተብሎ ተሰናበተ። አድጎ ቶተንሃም ገባና በሰሜን ለንደን ደርቢ 14 ጎል አግብቶ የደርቢው የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። ኢማኑኤል አዴባየር አርሰናልን ለቆ ማንቸስተር ሲቲ በገባ በወራት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 2009፣ አግብቶብን ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ መጥቶ ደጋፊያችን ፊት ተንሸራቶ ጨፈረ። ሮቢን ቫን ፐርሲ በ2012 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄዶ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ፤ ሲያገኘንም ይብስ እንጂ አይምረንም ነበር። ክለብ የናቀው ወይም የከዳው ልጅ ቀበኛ ሆኖ ይመለሳል። ቢያንስ እነሱ ጋ ይመለሳል፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመጣባታለሁ።

የብሔራዊ ቡድናችንም ቀበኞች አሉት። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃንበት በ2005 ዓ.ም.፣ የቡርኪናፋሶው አላን ትራኦሬ ሁለት አግብቶብን ጨዋታው 4ለ0 አለቀ። ቀጥሎ የናይጄሪያው ቪክቶር ሞሰስ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ወደ ቤታችን ሸኘን። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዓለም ዋንጫ በሚያሳልፈው ጨዋታ አዲስ አበባ ስታዲየም በበኃይሉ አሰፋ ጎል ስንመራ፣ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት አግብቶ 2ለ1 አሸነፈን። ካላባር ላይ ደግሞ ሞሰስ ተመልሶ መጣ፤ 2ለ0። ብራዚል ሕልም ሆና ቀረች። እነዚህን ስሞች ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ እስከ ገለምሶ ገበያ የማያውቃቸው የለም።

ግን በዚያው ማጣሪያ ያገኘን አንድ ሌላ ቀበኛ ነበር፤ እሱ ማሊያ አልለበሰም። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2ለ1 አሸንፈን ገና ጭፈራው ሳይበርድ፣ ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። የማዕከላዊ አፍሪካን ጨዋታ አሸንፈን ባናልፍ ኖሮ፣ ኤሜኒኬ እስኪመጣ ሳንጠብቅ አንዲት ያልተነበበች ወረቀት ታስቀረን ነበር። ማሽላውን ሁልጊዜ ዝንጀሮ ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፤ ጎተራ ውስጥ ያለው ነቀዝም አለ።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንውረድ።

ከተሞቻችን እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ጭሮ ከሒርና፣ በዴሳ ከገለምሶ፣ ሚኤሶ ከአሰቦት ሲጫወቱ ሜዳው አቧራ ነው፤ መስመሩ ኖራ ነው፤ ተመልካቹ ግን የዲኤስቲቪው ያው ተመልካች ነው። ሰኞ ማታ ስለ ድሮግባ በንጹሕ ሕሊና የፈረደው ሰው ነው ቅዳሜ ከሜዳው ዳር የቆመው። አንድ ዓመት ከጎረቤት ከተማ የመጣ ቀጭን አጥቂ እኛን በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ አሸነፈን። ከቀኝ መስመር ወደ ውስጥ ይገባና በግራው ይመታል። በረኛችን አቅጣጫውን እያወቀ ነው የሚቆጠርበት። በደንብ ላየው የሚያምር ነገር ነበር።

ታዲያ ከጎኔ ያሉትን ላዳምጥ ብል ጉድ ሰማሁ። «ይሄ ልጅ? ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ታዳጊ ነው ብለው ያመጡት» አለ አንዱ። «ከድሬ ተከራይተውት ነው» አለ ሁለተኛው። ሦስተኛው «ዳኛውን አታዩትም? ምሳ ከማን ጋር እንደበላ እኮ እናውቃለን» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ድግምት ያነሳም ነበር። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ከየት እንደመጣ፣ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ተጠያየቁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል «አቦ ልጁ ግን ይችላል!» የሚል አንድ ሰው ጆሮዬ አልሰማም። ያቺ ለድሮግባ የተሰጠች አጭር ፍርድ ከአሥራ ስድስትና ከሰባት ኪሎ ሜትር ማዶ ለመጣ ልጅ አልተገኘችም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። ለሩቁ ዳኛ ነን፤ ለቅርቡ ግን ከሳሽ። የለንደኑን እግሩን አይተን እንፈርዳለን፤ የጎረቤታችንን ግን መታወቂያውን አገላብጠን። ለምን ቢባል መልሱ የተደበቀ አይደለም። ድሮግባን «ይችላል» ብል ከእኔ የሚቀነስ ነገር የለም፤ እሱ ነገ ጠዋት ጭሮ ገበያ አያገኘኝም። የጎረቤቱን ልጅ «ይበልጠናል» ካልኩ ግን ነገ ሻይ ቤት ውስጥ ከወገኖቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያየኛል። እሱን ማድነቅ እሱ ፊት ማነስ ይመስለናል።

ይህ አመል ከኳስ ሜዳ ቢወጣ ደግሞ አትገረሙ። ከሱቃችን ማዶ የተከፈተ ሱቅ ደንበኛ ሲበዛበት «ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሰው ያስተናግዳል» የሚል ነጋዴ ስንት አያችሁ? «ከጀርባው ሰው አለ» ነው የምንለው። መሥሪያ ቤት ውስጥ አብሮን የጀመረ ባልደረባ ቢሾም፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን ማን እንዳሾመው ነው የምንመረምረው። የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ «ኮርጆ ነው» ይባላል። ያሸነፈን ሁሉ ሰርቆ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ ለነገ የሚያርመው ነገር አይኖረውም። ሴንዴሮስን «ከኋላው አትቁም፤ ቅደመው» ብሎ መምከር ይቻላል፤ በድግምት ለተሸነፈ ተከላካይ ግን ምን ምክር አለ?

ሲከፋም ያከፋል። በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአማራና የትግራይ ክለቦች በየሜዳቸው መገናኘት አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ መደረጉን አንረሳውም። ጎል ያገባ ሰው በእግሩ ሳይሆን በብሔሩ የሚታይበት ደረጃ ተደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ከተሞቻችን እንደመጣ ምዕራብ ሐረርጌ አይቷል። ያንን መከራ ኳስ አመጣው አልልም፤ እንደዚያ ማለት ቀልድ ይሆናል። ግን «ከእኛ የበለጠው ሰው ከእኛ ስላልሆነ ነው» የሚለው አስተሳሰብ አንድ ቀን በድንገት ከሰማይ አይወርድም። በየቅዳሜው በየሜዳው ዳር ትንሽ ትንሽ ይለመዳል። ቀበኛ የሚለውን ቃል ስለ አንድ አጥቂ ብንለው ጨዋታ ነው፤ ማዶ ስላለው መንደር ብንለው ግን ወንጭፍ ያስነሳል።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ዝም ያለ ነው። ድሮግባን ጎል በጎል የቆጠሩልኝን ሰዎች አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ «እሺ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት የእኛን ከተማ ቡድን በጣም ያስቸገረው የጎረቤት ተጫዋች ማነው? ስንት አገባብን?» ጸጥታ ሆነ። ብዙ ቆይቶ አንዱ «አንድ ቀጭን ልጅ ነበር...» አለ። ስሙን ሲጠሩት ሦስቱ ሦስት ስም አወጡለት። የት ደረሰ ብላቸው አንዱ የጫት አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኗል አለኝ፤ ሌላው ጅቡቲ ገብቷል አለ፤ ሦስተኛው ባጃጅ ሲነዳ በዴሳ ላይ አይቼዋለሁ አለ። ስንት እንዳገባ የሚያውቅ የለም። የተመዘገበበት ወረቀትም የለም።

የኬንን ታሪክ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። አርሰናል ያሰናበተው ልጅ ሌላ የሚይዘው ክለብ፣ ጎሉን የሚቆጥርለት ሰው፣ ስሙን የሚጠራለት ሜዳ አገኘ። እናም 14 ጊዜ ተመልሶ መጣ። የእኛ ቀጭን ልጅ ግን ቀበኛ ለመሆን እንኳን አልታደለም። እኛ ስላልመሰከርንለት፣ የራሱ ከተማም ስላልመዘገበለት፣ ከፍ ያለ ክለብ መልማይ ቢመጣ የሚያሳየው ነገር የለም። ጎሉ ከአቧራው ጋር ነው የቀረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የለንደኑን ጎል በሰዓትና በደቂቃ ስንመዘግብ የሒርናው አመለጠን።

ይህ የአገር ችግር ብቻ ነው እንዳይባል፣ ሲመዘገብና ሲታይ ምን እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ድሮግባን ባየንበት በዚያው በዲኤስቲቪ መስኮት መታየት ጀመረ። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር ሲካሄዱ ጎረቤታችን ድሬዳዋም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ጭሮ ላይ የጊዮርጊስ ደጋፊዎች፣ ያውም የቡናን ስም መስማት የማይወዱት፣ «ልጁ ይችላል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለካስ ቅርብ ላለውም ሰው መፍረድ ይቻላል! ጎሉ ተቆጥሮ፣ ስሙ ተጽፎ፣ በድጋሚ ምስል ፊት ለፊት ሲታይ፣ ለሐሜት የሚቀረው ቦታ ያንሳል።

«አንተ የዋህ ነህ፤ ዕድሜ የሚቀንስ፣ ተጫዋች የሚከራይ፣ ዳኛ የሚያባብል በእርግጥ አለ» የሚለኝ ይኖራል። አለ። አልክድም። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ጨዋታ ካለቀ በኋላ መጮህ አይደለም። መድኃኒቱ ከጨዋታው በፊት ወረቀት ማንበብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሦስት ነጥብ ያስቀጣን ሌላ ሰው አልነበረም፤ የራሳችንን ካርድ አለመቁጠራችን ነው። የውድድር አዘጋጅ ሁሉ ከመክፈቻው በፊት የተጫዋቾቹን ማስረጃ በሁለቱም ወገን ፊት ያገላብጥ፤ ጥርጣሬ ያለው ያኔ ይናገር፤ ይጻፍለትም። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ግን የገባች ጎል ጎል ናት። ያኔ የሚጠየቀው ተከላካያችን የት ቆሞ ነበር የሚለው ብቻ ነው።

የምጠይቀው ብዙ በጀት የሚፈልግ አይደለም። አንድ ባለመስመር ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ማን ከማን ተጫወተ፣ ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በቀኝ ነው በግራ፣ ይጻፍ። በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የመጡ፣ ቁጥር የሚወዱ ተማሪዎች ሞልተዋል፤ አንዱ ክበብ ይህን ሥራ ቢይዘው በሦስት ዓመት ውስጥ ምዕራብ ሐረርጌ የራሱ የጎል መዝገብ ይኖረዋል። ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ደግሞ የእንግዳውንም አግቢ ስም ከነአባቱ አጥርቶ ይጥራ። የራሳችን ልጅ ሲያገባ ሦስት ጊዜ እየጮኸ፣ የእንግዳው ሲያገባ «ጎል ሆኗል» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ከሽልማቱም መሀል አንዷ፣ ኳስ እንኳን ትሁን፣ በጣም ላስቸገረን እንግዳ ተጫዋች ትሰጥ። የሚሰጠውም የእኛ ቡድን አምበል ይሁን።

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜ ልኩን ከሜዳው ዳር ያልጠፋ አንድ ኦቦ፣ ዱላውን ተደግፎ ተነስቶ በሁሉም ፊት «ይሄ የእነሱ ልጅ ጎድቶናል፤ ግን ይችላል» ቢል፣ ከጎኑ ያለው ጎረምሳም ይህን መናገር ውርደት አለመሆኑን ያያል። ልጁም አይሱዙ ላይ ከመንጠልጠሉ በፊት ስሙ አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኛል።

ቸር እንሰንብት።